ገላውዴዎስን ማን ብለን እንጥራው?

የመከራከሪያው ርእስ፦ የ17ኛው ክፍለ ዘመኗን ቅድስት መነኩሲት የወለተ ጴጥሮስን ገድል የጻፈው መነኩሴ ገላውዴዎስ እንደ ሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ይጠና ወይ? ተከራካሪዎቹ የባሕር ዳር ነዋሪዎች ናቸው፤ አንዷ የሥነ ጽሑፍ መምህርት፣ አንዱ የቅኔ መምህር።

መምህርቷ፦ አዎ፣ ይጠና። እሱ እ.ኤ.አ. በ1672 ሲጽፍ እሷ ካረፈች 30 ዓመት ሆኗል። የሚያውቋትን ሰዎች ቃል ሰብስቦ ነው የጻፈው። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ሥራ ሌላ ምንድን ነው? ሦስት ልጆቿ በሕፃንነታቸው እንደሞቱ፣ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል የነበረ ባሏን ትታ እንደመነኮሰች፣ የካቶሊክን እምነት አልቀበልም ብላ እንደተጋዘች ይነግረናል። እኔን የያዘኝ ግን የቅርብ ጓደኛዋን መነኩሲት እኅተ ክርስቶስን መጀመሪያ ያየችበት ቦታ ነው። ገና ከሩቅ ሲተያዩ ፍቅር በልባቸው ገባ፤ ድሮ የሚተዋወቁ መሰሉ ይላል። ተአምሩን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ሙሉ ሰው ትቀርልናለች።

የቅኔ መምህሩ፦ ልጄ፣ ወደ ጎን ነው ያልሽው? ወደ የትኛው ጎን? እኔ በተማሪነቴ ብራና ፍቄያለሁ። ቆዳው ተወጥሮ ሲፋቅ እጅ ይልጣል። ቀለሙ ይበጠበጣል፣ መቃው ይቀረጻል። እንዲህ የደከመ ሰው ግማሹ ወደ ጎን እንዲጣልለት አልጻፈም። ኅዳር 17 በዕረፍቷ ቀን እንዲነበብ ነው የጻፈው። ገድል ማለት ተጋድሎ ነው። ስሙን አትለውጪበት።

መምህርቷ፦ የኔታ፣ ቃሌን አይቁረጡብኝ። «ብንተወው እንኳ» አልኩ እንጂ «እንተወው» አላልኩም። የሱስንዮስን ዜና መዋዕል የጻፈው ጢኖ የንጉሡ ጸሐፊ ነበር። እሱን ታሪክ ጸሐፊ ስንለው የተቆጣ የለም። የጣና ዳሩ መነኩሴ ሲሆን ለምን ክብሩ ይነካል?

የቅኔ መምህሩ፦ ዛሬ አንቺ «ብንተወው እንኳ» ያልሽውን ነገ ተማሪሽ ይተወዋል። እንዲህ ነው ነገር የሚጠፋው። ደግሞ ልጠይቅሽ፤ ግእዙን አንብበሽዋል? ወይስ እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝኛ የወጣውን ነው የምታስተምሪው?

መምህርቷ፦ ርእሳችን ይኼ አልነበረም። ግን እመልሳለሁ። የእንግሊዝኛውን ነው። ወንድሞቼ ቆሎ ትምህርት ቤት ሲገቡ እኔ ውኃ እቀዳ ነበር። ሴት ልጅ ግእዝ ምን ያደርግላታል ተባለ። የመጽሐፉ ባለቤት ግን ሴት ናት! ሰባት ማኅበር ያቋቋመች፣ ወንድ መነኮሳትን ጭምር የመራች ሴት። እሷን ለማንበብ ግእዝ አታውቂም መባሌ አሞኛል፣ የኔታ።

የቅኔ መምህሩ፦ የውኃውን ነገር አላወቅሁም ነበር። ጥያቄዬ ከብዶሽ ከሆነ ይቅርታ። ግእዙን ግን ቤቴ ድረስ ብትመጪ አስተምርሻለሁ፤ ተማሪዎችሽንም አምጪያቸው። እኅተ ክርስቶስን ያየችበት ቦታ ላይ እንጀምር፤ እኔም ደጋግሜ የማነበው እሱን ነው። «ወደ ጎን» ያልሽውን ግን አልተውኩልሽም።

መምህርቷ፦ እመጣለሁ። እኔም ጢኖን አልተውኩልዎትም፤ እስካሁን አልመለሱልኝም።