ክብራችን በሣጥን ይመጣል

ጎንደር ውስጥ አንድ እንግዳ ምን ያህል እንደተከበረ ለማወቅ የተቀመጠበትን ወንበር ማየት አያስፈልግም። ከፊቱ የቀረበውን ማየት ይበቃል። ለቤተኛው ጠላ ይቀዳለታል። ከአዲስ አበባ ለመጣ፣ ለአማች፣ ብድር ሊጠየቅ ለታሰበ ሰው ግን ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል። ለስላሳው መከፈት ያለበት እንግዳው እያየ ነው። ጓዳ ተከፍቶ ከመጣ ጋዙም ክብሩም ወጥቷል።

ዳቦም ማዕረግ አለው። የፉርኖው ዳቦ ሳሎን ይገባል፣ ጥቁሩ ጓዳ ይቀራል። ሽሮ «ምንም ሳናዘጋጅ መጣችሁብን» ተብሎ በይቅርታ ይቀርባል። ማካሮኒ ይቅርታ ተጠይቆበት አያውቅም።

ነገሩ በደንብ የሚታየው ቅዳሜ ቀን መናኸሪያው ላይ ነው። ከደምቢያ የመጣው ዘመድ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ጆንያ ዳጉሳ ያወርዳል። ሲመለስ ፓስታ፣ ብስኩት፣ ስኳርና አንድ ጀሪካን የሚረጋ ዘይት ተሸክሞ ይሳፈራል። ከተሜው «ምስኪን፣ ያለውን አመጣልን» ይላል። ባላገሩ ደግሞ ልጆቹ ዛሬ የከተማ ነገር ሊቀምሱ ነው ብሎ ልቡ ሞልቷል። ዳጉሳውን የቤቱ እመቤት ሰኞ ዕለት ለጠላ ነጋዴ ትሸጠዋለች። በብሩም ለስላሳ ይገዛበታል።

ይህንን ልውውጥ እኛ በነጻ ስንሠራው ተመራማሪዎች ግን ገንዘብ አውጥተውበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ የገጠር ሰዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ ወደ ባቄላና በቆሎ ዞሩ። አፍሪካውያኑ በርገርና የተጠበሰ ድንች ቀረበላቸው። አሜሪካውያኑ የሚበሉት ፋይበር፣ ማለትም ሆድ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል፣ በቀን ከ14 ግራም ወደ 55 ግራም ወጣ። የአንጀት ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ቡታይሬት የሚባል ንጥረ ነገር 2.5 እጥፍ ሆነ። የአፍሪካውያኑ በግማሽ ወረደ። በሁለት ሳምንት! እኛ አገር በሁለት ሳምንት የአንድ ሰርግ መልስና ቅልቅል እንኳ አያልቅም።

ቡታይሬት ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። ሰውነታችን ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚጠጉ ባክቴሪያዎች አሉ፣ አብዛኞቹም ትልቁ አንጀት ውስጥ ናቸው። ሆዳችን መፍጨት ያቃተውን የባቄላውን፣ የዳጉሳውን፣ የጎመኑን ፋይበር እነሱ አብላልተው ቡታይሬትና መሰሎቹን ይሠራሉ። የአንጀቱ ግድግዳ የሚቀለበው ከዚያ ነው። ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን የሚሉት የሰውነት መቆጣትም ይበርዳል። ስኳርና ነጭ ዱቄት ግን ላይ ላዩን፣ በትንሹ አንጀት ተመጠው ያልቃሉ። ለታችኞቹ የሚደርስ ነገር የለም። ታዲያ ባክቴሪያ እንደ ጨዋ ደባል «ዛሬ የለም» ቢሉት አንገቱን ደፍቶ አያድርም። በአይጦች ላይ እንደታየው፣ ፋይበር ሲያጣ አንጀቱን የሚጠብቀውን ልፋጭ መሰል ሽፋን መብላት ይጀምራል። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

እዚህ ላይ «እኛማ እርሾ አለን!» የሚል ሰው አይጠፋም። አለን። ግን የእርሾው ባክቴሪያ የጋለ ምጣድ ላይ አያመልጥም። እንጀራን የሚያኮራው ሌላ ነው። ጤፍ ከማነሱ የተነሳ ገለባውን ልጦ ማንጣት አይቻልም፣ ስለዚህ ሙሉውን ይፈጫል። ቢቻል ኖሮ እንግዳ ሲመጣ ልጠነው ነበር።

ሥጋ ቤቱንም አልረሳሁትም። ቀይ ሥጋ ውስጥ ካርኒቲን የሚባል ነገር አለ። አንዳንድ የአንጀት ባክቴሪያዎች እሱን ይለውጡታል፣ ጉበት ይቀበልና ቲኤምኤኦ ያደርገዋል። ይህ ነገር ደማቸው ውስጥ የበዛባቸው ሰዎች ላይ የልብ ሕመም በርከት ብሎ ታይቷል። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ቢቀምሱ የሚያመርቱት ከበላተኛው ያነሰ ነው። ባክቴሪያዎቹ አልለመዱማ። ጾሙ ለዚህም ሳይረዳን አይቀርም ብዬ ነበር፣ የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛና የጾም ቺፕስ መጥተው ሁዳዴን ከፋሲካ እስክንለይ አስቸገሩን እንጂ።

ከሁሉ የሚብሰው ማኅበር ላይ ነው። በሚካኤል ማኅበር አንድ ጋሼ ጠርሙሱ ሲቀርብላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ስኳር አለብኝ» አሉ። የቤቱ እመቤት ፊቷ ጠቆረ።

«ውይ ጋሼ፣ ለሚካኤል ብለው! አንድ ጠርሙስ ምን ያደርግዎታል?»

አንዱ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም አይለፍ፣ ከ25 በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል ይላል። ጋሼ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ሐኪሙ በየወሩ ይነግራቸዋል። ግን ሐኪሙ ማኅበርተኛ አይደለም። ጠጡ። አጠገባቸው የነበሩት ሰውዬ ጎንበስ ብለው «የእርስዎ ስንት ነው?» ሲሉ ሰማሁ።

«አምና 240 ገብቶ ነበር።»

«ኧረ የእኔ 310 ደርሶ ያውቃል!» አሉ፣ እንደ ሹመት። እመቤቲቱ ለሁለቱም ደገመችላቸው።

አጎቴን ግን የሳይንስ ወዳጅ ያደረገው የታንዛኒያው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ወጣ። በኪሊማንጃሮ አካባቢ 77 ጤነኛ ወንዶች ተሳተፉበት። ከባላገር ምግባቸው ወጥተው ለሁለት ሳምንት የፈረንጅ ምግብ የበሉት ሰውነታቸው ተቆጣ፣ የመከላከል አቅማቸውም ደከመ። ከተሜዎቹ ወደ ድሮው ምግብ ሲመለሱ መቆጣቱ ቀነሰ። ሦስተኛው ቡድን ለአንድ ሳምንት ከሙዝና ከዳጉሳ የሚጠመቅ የአገራቸውን መጠጥ ጠጣ። እነሱም ላይ መቆጣቱ ቀነሰ። አንዳንዱ ለውጥ ከአራት ሳምንት በኋላም አልጠፋም።

አጎቴ ጆሮው የቆመው «ዳጉሳ» እና «የሚጠመቅ» ሲባል ነው። አሁን ጠላ ቤት ሲገባ «ለሕክምና ነው» ይላል። የመጠጡ ሙከራ የአንድ ሳምንት ብቻ እንደሆነና አልኮል ሲበዛ ግፊትም ጉበትም እንደማይምር ደጋግሜ ነገርኩት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና ጣሳውን ለቀጂዋ ዘረጋ።

«እሺ፣ ባቄላውና ቅጠላ ቅጠሉስ?» አልኩት።

«እሱ የሌላው ቡድን ነው» አለኝ።