ግጥማቸውን ቆርጠው «ግጥም የላቸውም» አሏቸው

አውሮፓ የምትኖሩ አንባቢዎች «የ90ዎቹ ምሽት» የሚል የኮንሰርት ፖስተር ሳታዩ አትቀሩም። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ፖስተሩ ላይ ከሚደረደሩት ስሞች ውስጥ ቱ አንሊሚትድ የሚባለው ቡድን ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ዩሮዳንስ የሚባለው ሙዚቃ ዋና ባለስሞች ናቸው። ፈጣን ምት፣ የሚጮህ ኪቦርድ፣ አዝማቹን የምትዘፍን ሴት፣ መሀል ላይ ራፕ የሚያደርግ ወንድ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሙዚቃ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ያኔም ይስቁበት ነበር፣ ዛሬም ይስቁበታል።

እኔ በዚህ ሳቅ አልስማማም። በተለይ ቱ አንሊሚትድ ላይ የተሳቀው ሳቅ ግፍ ነበረበት።

ታሪኩ የሚጀምረው ከቤልጂየም ነው። አንትወርፕ ውስጥ ዣን ፖል ደ ኮስተር እና ፊል ዋይልድ የሚባሉ ሁለት ፕሮዲውሰሮች ነበሩ። 1990 ላይ ቢዝ ኒዝ በሚል ስም የሠሩት የዳንስ ሙዚቃ እንግሊዝ ድረስ ተደምጦላቸዋል። በዓመቱ «ጌት ሬዲ ፎር ዚስ» የሚለውን ሠሩ። ድምፃዊ አልነበረውም፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ነው። ራፕ እንዲጨምርበት ብለው ለአንድ የአምስተርዳም ወጣት ሰጡት። ሬይ ስላይንጋርድ ይባላል። ሃያ ዓመት ገደማው ነው፣ እንጀራው ምግብ አብሳይነት ነው። ሬይ ሥራውን ይዞ ሲመለስ ታዲያ ራፑን ብቻ አላመጣም። አኒታ ዶት የምትባል ወጣት ድምፅ አስገብቶበታል። አኒታ ፖሊስ መሥሪያ ቤት ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነበረች። እሷን የጠራት የለም፤ ፕሮዲውሰሮቹ የጠበቁት ራፕ ብቻ ነበር። ሰሙት፣ ወደዱት፣ ቱ አንሊሚትድ በዚሁ ተመሠረተ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። «ጌት ሬዲ ፎር ዚስ» በእንግሊዝ የዘፈን ሽያጭ ሰንጠረዥ 2ኛ ወጣ። በ1992 «ትዋይላይት ዞን» እንደገና 2ኛ። በ1993 የካቲት ላይ «ኖ ሊሚት» አንደኛ ሆኖ ለአምስት ሳምንት ማንም አላወረደውም። ከ1992 እስከ 1994 በየዓመቱ አንድ አልበም አወጡ። በጠቅላላው 18 ሚሊዮን ቅጂ እንደተሸጠላቸው ይነገራል።

«ኖ ሊሚት»ን አንዴ ልብ ብላችሁ ስሙት። መግቢያው ላይ ያለችው የኪቦርድ ሐረግ ጥቂት ኖታ ናት። ግን እንደ መዶሻ ናት፣ ደጋግማ እዚያው ቦታ ላይ ታርፋለች። አኒታ አዝማቹን ስትጀምር ዜማው የኪቦርዱን ፈለግ ይከተላል። እንግሊዝኛ የማያውቅም ሰው ሁለተኛው ዙር ላይ አብሮ ይጮኻል፣ ምክንያቱም አብዛኛው «ኖ» ነው። ይሄ ስንፍና ይመስላል። ግን ዘፈኑ የተሠራው ፊንላንዳዊውም፣ ስፔናዊውም፣ ፖላንዳዊውም አንድ አዳራሽ ውስጥ እኩል እንዲጮኽበት ነው። ለዚያ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መላ የለም። ቅኔ የፈለገ ሌላ ቤት ይሂድ።

አሁን ወደ ግፉ ልምጣ። ዘፈኑ ራፕ ነበረው። ሬይ ስንኝ ጽፎበታል፣ ሆላንድና ሌላው አውሮፓ የሰማው እሱን ነው። እንግሊዝ ውስጥ የሚያሳትማቸው ግን የእንግሊዛዊው ፕሮዲውሰር የፒት ዋተርማን ፒደብሊውኤል ኩባንያ ነበር። ፒደብሊውኤል የሬይን ራፕ ከነጠላ ዜማዎቹ ላይ አብዛኛውን ይቆርጠው ነበር። «ኖ ሊሚት» ላይ ለሬይ የተረፈችው «ቴክኖ» የምትለው ቃል ናት፣ አራት ጊዜ ተደጋግማ። እንግሊዞቹ ይህን ሰምተው ምን አሉ? «እነዚህ ሰዎች ግጥም የላቸውም!» ስፒቲንግ ኢሜጅ የሚባለው የአሻንጉሊት ቀልድ ፕሮግራም «ኖ ሊሪክስ» የሚል ማሾፊያ ዘፈን ሠራባቸው። ግጥም የለም ማለት ነው። የሰውየውን ስንኝ ራሳችሁ ጥላችሁ፣ መልሳችሁ ስንኝ አልባ ትሉታላችሁ? የገረመኝ ይሄ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የባሰ ሆነ። «ጌት ሬዲ ፎር ዚስ» በየቅርጫት ኳስ አዳራሹ የሚለቀቅ ሙዚቃ ሆነ። የስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢኤስፒኤን በ1995 ባወጣው የስታዲየም ዘፈኖች ስብስብ ውስጥም ገባ። ሕዝቡ የሚያውቀው ግን ራፕ የሌለበትን ነው። መጀመሪያ ላይ «ተዘጋጅታችኋል ወይ?» የሚለው ታዋቂ ጩኸት እንኳ የሬይ አይደለም። ዘ ዲኦሲ ከሚባል አሜሪካዊ ራፐር ዘፈን ላይ ተቆርጦ የገባ ነው። ቡድኑን ያስጠራው ሙዚቃ አሜሪካ ሲደርስ ሬይም አኒታም የሉበትም ማለት ይቻላል። አዳራሽ ሙሉ ሰው እየጨፈረበት የማን እንደሆነ የሚያውቅ ከተገኘ ጥሩ ነው።

ይህን የምለው በዘመኑ የነበረውን ሌላ ጉድ እያስታወስኩ ነው። ብላክ ቦክስ የሚባለው የጣሊያን ቡድን ካትሪን ኪኖል የምትባል ሞዴል ፊት ለፊት አቁሞ የሌሎችን ድምፅ የእሷ አስመስሎ ያሰማ ነበር። ኮሮና በሚባለው ሌላ ቡድን ውስጥ ኦልጋ ሱዛ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ዘፋኟ ሌላ ነበረች። ሚሊ ቫኒሊ የተባሉት ሁለት ወጣቶች አለመዝፈናቸው ታውቆ 1990 ላይ የግራሚ ሽልማታቸውን ተቀምተዋል። በዚህ መሀል አኒታ በራሷ ድምፅ ትዘፍናለች፣ ሬይ በራሱ አፍ ራፕ ያደርጋል፣ «ኖ ሊሚት» ላይ ሁለቱም በደራሲነት ስማቸው ሰፍሯል። ስድቡ ግን ከአስመሳዮቹ እኩል ደረሳቸው።

የሌላቸው ነገር ስሙ ነበር። ቱ አንሊሚትድ የሚለው ስም የፕሮዲውሰሮቹ ነው። ይህ ዩሮዳንስ ውስጥ የተለመደ አሠራር ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ሰው ሙዚቃውንና ስሙን ይይዛል፤ መድረክ ላይ የሚወጣው በውል የሚሠራ ሰው ነው። ለፕሮዲውሰሩ ምክንያት አለው፣ ሐሳቡም ገንዘቡም መጀመሪያ የወጣው ከእሱ ነው። ክፉ ነጋዴ ልላቸው አልፈልግም። ግን በየአገሩ እየዞረ ላቡን የሚያፈሰው፣ መንገድ ላይ ሰው የሚያውቀው፣ ሲሳቅም የሚሳቅበት ሌላኛው ነው።

በ1996 ሬይና አኒታ ከፕሮዲውሰሮቹ ጋር ተለያዩ፤ ስሙ እዚያው ቀረ። በ1998 ፕሮዲውሰሮቹ ሮሚ እና ማሪዮን የሚባሉ ሁለት ሴት ድምፃውያን ቀጥረው በዚያው ስም አዲስ አልበም አወጡ። ሙዚቃው መጥፎ አልነበረም። ፕሮዲውሰሮቹ እነዚያው፣ ስሙም ያው። ሆኖም ብዙም ሳይቆይ ተበተነ። «ዘፋኞቹ ጌጥ ናቸው፣ ሥራው የስቱዲዮው ነው» ለሚል ሰው መልሱ እዚህ አለ። እርግጥ ዘመኑም ተቀይሮ ነበር፣ ዩሮዳንስ ራሱ እየከሰመ ነበር። ያንን አልክድም። ግን የድሮውን ካሴት የገዛ ሰው የሚፈልገው እነዚያን ሁለት ልጆች እንደነበር ግልጽ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ያስቃል። በ2009 ሬይና አኒታ ተመልሰው አብረው መሥራት ጀመሩ። በምን ስም? «ሬይ እና አኒታ»። ቱ አንሊሚትድ እንዳይሉ ስሙ የእነሱ አይደለም። በገዛ ዘፈናቸው የሚያውቃቸው ሕዝብ ፊት ቆመው እንደ አዲስ ጀማሪ ሌላ ስም መያዝ ነበረባቸው። ከስሙ ባለቤቶች ጋር ተስማምተው የድሮ ስማቸውን መልሰው የያዙት በ2012 ነው።

በ2016 አኒታ ወጣች። ሬይ በእሷ ቦታ ኪም ፈርኻውወንን ይዞ በዚያው ስም ቀጠለ። እዚህ ላይ አድናቂዎች ይከራከራሉ፤ ግማሹ ቡድኑ አሁንም አለ ይላል፣ ግማሹ ያለ አኒታ አልቀበልም ይላል። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ሬይ ራሱ በ1998 ተተክቶ ያየ ሰው ነው፤ ያንኑ ነገር በእሷ ላይ ሲደገም ዝም ብሎ ማየት አይጥመኝም። ኪም ጥሩ ትዘፍን ይሆናል። ቢሆንም አኒታን መጀመሪያም ያመጣት እሱ እንጂ ፕሮዲውሰሮቹ አልነበሩም።