ማጣሪያው ይበሰብስ ይሆናል፣ እርሳሱ ግን አይበሰብስም

ሰሞኑን ስለ ኢንዱስትሪ ፍሳሽ በተካሄደ አንድ ውይይት ላይ አንድ የማጣሪያ አቅራቢ «ቁሱ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ካገለገለ በኋላ አፈር ውስጥ ገብቶ ይበሰብሳል፤ ቆሻሻ አይተርፍም» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበላቸው። የሚያወሩት ከፍሳሽ ውስጥ እርሳስና ካድሚየም የተባሉትን መርዛማ ብረቶች ይዘው ስለሚያስቀሩት፣ ከባሕር እንስሳት ቅርፊትና ከባሕር አልጌ ስለሚሠሩት የቺቶሳንና የአልጂኔት እንክብሎች ነው። «እርሳሱስ የት ይገባል?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

እርሳስ አይበሰብስም። ካድሚየምም እንደዚያው። ባክቴሪያ ቺቶሳኑን በልቶ ሲጨርስ ብረቱን ይዞት የነበረው ነገር ይጠፋና ብረቱ አፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ ወይ ዝናብ ያጥበዋል፣ ወይ ተክል በሥሩ ይስበዋል። ያ ንግግር እንግዲህ መርዙን ከወንዝ አውጥተን እርሻ ላይ እንበትነው ከማለት በምን ይለያል? ይህ ደግሞ በግምት የሚነገር ስጋት አይደለም። ጃፓን ውስጥ በጂንዙ ወንዝ ተፋሰስ ከማዕድን ማውጫ የወጣ ካድሚየም በመስኖ ወደ ሩዝ ማሳ ገባ፣ ከሩዙ ወደ ሰው ኩላሊትና አጥንት አለፈ። «ኢታይ ኢታይ» የተባለው በሽታ መነሻው ካድሚየም መሆኑን የጃፓን መንግሥት ያመነው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። መርዙ ሰው ጋ የደረሰው በዋናነት በማሳ በኩል ነበር። አፈር የብረት መቃብር ነው የሚል ሰው ይህን ታሪክ ሊያውቅ ይገባዋል።

የሚያናድደኝ እነዚህን ቁሶች ስለምጠላ አይደለም። ተስፋ የማደርግባቸው ናቸው። ቺቶሳን የሚሠራው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው፤ ቅርፊቱ በጠንካራ አልካሊ ሲታከም ናይትሮጅን ያዘሉ የአሚን ክፍሎቹ ይገለጣሉ፣ ናይትሮጅናቸውም መዳብን አጥብቆ ይይዛል። ነጣ ያለውን እንክብል መዳብ የተሟሟበት ውሃ ውስጥ ብታቆዩት ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ መያዙን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ከቡናማ የባሕር አልጌ የሚወጣው አልጂኔት ደግሞ በካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ጠብ ሲል ወዲያው እንክብል ይሆናል፣ እርሳስ ሲመጣም ካልሲየሙን ለቆ እርሳሱን ይይዛል። ብረቱ እንዲዘቅጥ ፍሳሽ ውስጥ የሚጨመረው ኖራ እንዲህ አያደርግም። ክሮሚየም(III) የተባለው የክሮሚየም ዓይነት ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) 8 አካባቢ ሲሆን በደንብ ይዘቅጣል፤ ካድሚየም ግን ወደ 11 መጠጋት ይፈልጋል፣ እዚያ ሲደረስ ክሮሚየሙ ተመልሶ መሟሟት ይጀምራል። ኖራ ርካሽ ነው የሚሉትም የሁሉንም ብረት ድብልቅ የያዘውን ዝቃጭ የት እንደሚደፉት ሲጠየቁ ዝም ይላሉ።

እንደ ቺቶሳንና አልጂኔት ያለ የተፈጥሮ ፖሊመር (በረጅም ሰንሰለት የተያያዘ ቁስ) ትልቁ ጥቅም የያዘውን መልሶ መስጠቱ ነው። እንክብሉ በቀጭን አሲድ ሲታጠብ ብረቱን ይለቃል፤ በብዙ ሺህ ሊትር ውስጥ ተበትኖ የነበረው መዳብ በጥቂት ሊትር ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል፣ ሊሸጥም ይችላል። እንክብሉም ለሌላ ዙር ይመለሳል። «ጥለነው ይበሰብሳል» የሚል ሰው የቁሱን ዋና ሙያ ነው የጣለው።

እዚህ ጋ ደግሞ ሻጮች የማይነግሩን ነገር አለ። ሰንሰለቶቹ ያልታሰሩ ቺቶሳን በቀጭን አሴቲክ አሲድ ውስጥ ራሱ ይሟሟል። እንዳይሟሟ ግሉታራልዴሃይድ በተባለ ኬሚካል ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ያስሯቸዋል፤ ማሰሪያው የሚይዘው ግን ብረቱን ይይዙ የነበሩትን እነዚያኑ አሚኖች ነው። ጥንካሬ የተገዛው በአቅም ነው ማለት ነው። ስለዚህ በማስታወቂያ ወረቀት ላይ በትልቁ የሚጻፈው «በግራም ይህን ያህል ሚሊግራም ይይዛል» የሚለው ቁጥር ለእኔ ባዶ ነው። ቁጥሩ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብረት ብቻ ንጹህ ውሃ ውስጥ ተሟሙቶ፣ ከደቃቅ ዱቄት ጋር በጠርሙስ ተንጦ፣ ውጤቱ ኬሚስቱ ላንግሙር እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣው፣ አንድ ገጽ ምን ያህል እንደሚይዝ በሚያሰላ ቀመር ከተሰላ በኋላ ነው። እውነተኛ ፍሳሽ ውስጥ ካልሲየም፣ ጨው፣ ቀለምና ዘይት አለ፤ ሁሉም በእነዚያው ቦታዎች ይሻማሉ ወይም ይሸፍኗቸዋል። ዱቄቱም ቱቦ ውስጥ ሲገባ ይደፍናል። የመጀመሪያ ዙር ቁጥር ብቻ ይዞ የመጣ ሻጭ በሩ ሊዘጋበት ይገባል፤ አሥረኛውን ዙር ያሳየን።

«የላብራቶሪ ቁጥር ለመነሻ ይበቃል» የሚሉኝ አሉ። ለምርምር ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር ለእርሳስ 10 ማይክሮግራም፣ ለካድሚየም 3 ማይክሮግራም ነው። ከፍሳሽ መውጫ በታች ያለን ውሃ ለሚጠጣ ሰው በተናጠ ጠርሙስ የተገኘ ቁጥር መልስ አይሆንም።

ፍሳሽ ማጣሪያ የሚገዛ ሁሉ ውሉ ላይ ሦስት ልኬት ይጻፍ፦ ከማጣሪያው በወጣው ውሃ፣ በማጠቢያው አሲድና በእንክብሉ ላይ የቀረው ብረት። የሦስቱ ድምር ከገባው ጋር ካልገጠመ ክፍያው ይያዝ። ልኬቱንም ሻጩ ያልመረጠው ላብራቶሪ ይሥራው፤ አገልግሎቱን የጨረሰውን እንክብል ደግሞ እንደ አደገኛ ቆሻሻ መልሶ የሚረከበው ሻጩ ራሱ ይሁን።