ማስተካከያ፦ ማንኮዜብ ክሽክሽ አይገድልም

ባለፈው ሳምንት ለጅማ የጓሮ አትክልት አልሚዎች ባካፈልነው መረጃ «ጎመን ላይ ክሽክሽ ከታየ ማንኮዜብ ይረጭ» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ማንኮዜብ የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ የድንችና የቲማቲም ቅጠል የሚያጠቁሩ በሽታዎችን ይከላከላል እንጂ እንደ ክሽክሽ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳትን አይገድልም። የረጨ ሰው ገንዘቡ ባከነ፤ ክሽክሹም ከቅጠሉ ጀርባ ተጣብቆ መምጠጡን ቀጥሏል።

ነፍሳትን የሚገድለው እንደ ማላታዮን ያለ የነፍሳት መድኃኒት ነው። ጥቂት እግር ጎመን ከሆነ ግን መጀመሪያ የቅጠሉን ጀርባ በሳሙና ውሃ ማጠብ ይሻላል፤ ማላታዮን ንብ ይፈጃልና። ጅማ ደግሞ የማር አገር ናት! መርጨት ግድ ከሆነ ቀፎ ላለው ጎረቤት ይነገር፣ ርጭቱም ንቦች ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ ይሁን። ከርጭት እስከ መቅጠፍ የሚጠበቀው ቀን መያዣው ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ በፊት ጎመኑ ድስት አይግባ።