ለባለ ታብሌቱ ምስጋና ይድረስ

በባሕር ዳር አደባባዮች ሁለት ክንዳቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ ባለ 10 ኢንች ታብሌት ከፍ አድርገው ከፊታችን ለሚቆሙ ወገኖቻችን እስከ ዛሬ አንድ የምስጋና ወረቀት እንኳ አለመስጠታችን ያሳፍራል። ከኋላቸው የቆመ ሰው የጥር ፀሐይ አይነካውም። ጥላ ይሆኑታል፣ መጋረጃ ይሆኑታል፣ ሲፈልጉም ግድግዳ ይሆኑታል፤ ለዚህ ሁሉ ሳንቲም አይጠይቁም።

እዚህ የደረስነው በቀላሉ አይደለም። የአፕል የመጀመሪያው አይፓድ እ.ኤ.አ. በ2010 ገበያ ላይ ሲውል ጭራሽ ካሜራ አልነበረውም። ያን ዘመን ከኋላ የሚቆም ሰው ዛሬም በናፍቆት ያስታውሰዋል። በ2011 ሁለተኛው አይፓድ ከፊትም ከኋላም ካሜራ ይዞ መጣ፤ ክንዶችም ተነሡ። አሁን ደግሞ በታብሌቱ ጥግ ላይ ቆንጥጦ የሚያዝ ተቀጥላ ሌንስ አለ፤ ደስታችን ሙሉ ሆነ።

የወገኖቻችን ትሕትና የሚታወቀው በሌንስ ምርጫቸው ነው። ሩቁን የሚያቀርበውን ቢገዙ ከሁላችንም ኋላ ቆመው፣ አሻግረው ማንሣት በቻሉ ነበር። ይህ ግን ከሕዝብ መሸሽ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ሰፊውን ይገዛሉ። ሰፊው ሌንስ ብዙ ነገር ያስገባል፤ ያስገባውን ሁሉ ግን ያሳንሰዋል። ያነሰውን ለማተለቅ መቅረብ ግድ ነው፤ ለመቅረብም እኛን አልፎ መሄድ። ከፊታችን የሚቆሙት እንግዲህ ሌንሱ አዝዟቸው እንጂ ወደው አይደለም።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ውሰዱ። 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ መሐንዲሶቹ ዓመታት ደክመውበታል። ባለ ታብሌቱ የዓሣ ዓይን የሚባለውን ሌንስ ሰክቶ በአንድ ንክኪ እንደ ማሲንቆ ደጋን አጎበጠው። ሌንሱ በካሜራው ላይ በልኩ ስላልተቀመጠ የምስሉ ማዕዘኖችም ጠቁረዋል። «ጥበብ ነው» አለን፤ ተቀበልነው። ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ሄዶ ፏፏቴው በሚሳሳበት በበጋም ባለ ታብሌቱ ወደ ጢስ ዓባይ ይወርዳል፤ የቀረችውን ጅረት ሰፊው ሌንስ ይጨርስለታል።

ጥቃቅኑን የሚያጎላው ሌንስ ደግሞ ከሚነሣው ነገር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ካልራቀ አይጠራለትም። በሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቆረሶ ያዘዝን እንደሆነ ታብሌቱ ከሎሚውና ከአዋዜው በፊት ወደ ሳህኑ የሚያጎነብሰው ለዚህ ነው። እኛ እጃችንን ታጥበን እንጠብቃለን። አንዱ ምስል ይደበዝዛል፣ ሌላው ይነሣል፤ እንደገና፣ አሁንም እንደገና። ዓሣው ይበርዳል፤ ምስሉ ግን ትኩስ ነው።

ትልቁ ውለታቸው የጥምቀት ዕለት ነው። ጥር 11 ታቦታቱ ሲመለሱ፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ እልል ሲል፣ ያ የተባረከ ታብሌት ከፊት ብድግ ይላል። ከኋላ ያሉ አንዲት እናት የውለታው ትልቅነት አልገባቸውም።

«ልጄ፣ እስቲ ዝቅ አድርግልኝ፤ ጃንጥላው እንኳ አልታየኝም።»

«አይጨነቁ እማማ፣ ቪዲዮውን እልክልዎታለሁ።»

«እዚሁ ቆሜ ምኑን ነው የምትልክልኝ?»

ምስጋና ማጣት እንዲህ ነው! እርሱ ግን ቂም የሚይዝ ሰው አይደለም፤ እርሳቸውም በስክሪኑ አጮልቀው እንዲያዩ ብሎ ታብሌቱን የበለጠ ከፍ አደረገው። ታቦቱ ልክ ፊት ለፊታችን ሲደርስ ማከማቻው መሙላቱን የሚናገር ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ቦታውን የያዘው ቆረሶው ነበር። የትኛውን ፎቶ እንደሚሰርዝ ሲያመነታ ካህናቱ አለፉ፣ መዘምራኑም አለፉ። ያን ጊዜ ክንዱን አውርዶ፣ ምንም ወዳላየነው ወደ እኛ ዞረ።

«ከእናንተ ውስጥ ማን ቀርጾታል? እባካችሁ ላኩልኝ።»