በር ለሹመት ሳይሆን ለሥራ ይሰጥ

ክፍት ቢሮ (ሁሉም አንድ አዳራሽ ውስጥ ያለ ግድግዳ የሚቀመጥበት) ይሻላል የግል ቢሮ እያልን ስንከራከር አንድ ጥያቄ እንዘላለን። በር ያለው ክፍል የሚሰጠው ለማን ነው? አብዛኛው መሥሪያ ቤት ውስጥ መልሱ ያው ነው፤ ለአለቃ። ቀኑን ሙሉ ሒሳብ የሚያመሳክረው፣ ኮድ የሚጽፈው፣ ረጅም ሪፖርት የሚያዘጋጀው ሰው አዳራሽ መሃል ይቀመጣል። ከስብሰባ ስብሰባ የሚሮጠው ኃላፊ ክፍል ግን ተቆልፎ ይውላል። ይሄ ልክ አይመስለኝም።

ግድግዳ ሲፈርስ ሰው ይቀራረባል፣ ሐሳብ ይለዋወጣል ይባላል። ተመራማሪዎቹ ኢታን በርንስታይን እና ስቲቨን ተርባን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትሸውታል። ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ወደ ክፍት ቢሮ ሲዞሩ፣ ሠራተኞቹ አንገታቸው ላይ መለኪያ አንጠልጥለው፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ ማን ከማን ጋር ፊት ለፊት እንደሚያወራ ተመዘገበ። ንግግሩ በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ኢሜይሉ ጨመረ። እኔን አይገርመኝም። ሃያ ሰው እየሰማችሁ ስለከበዳችሁ ሥራ ከባልደረባ ጋር አታወሩም፤ ኢርፎን ትሰኩና አጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው መልእክት ትጽፋላችሁ።

ደግሞ ጫጫታ ሁሉ አንድ አይደለም። የማሽን ድምፅ ይለመዳል። የሰው ንግግር ግን ያስቸግራል፣ በተለይ የምትሰሙት ቋንቋ ከሆነ። ሁለት ሰንጠረዥ እያስተያያችሁ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ልትደርሱበት ትንሽ ሲቀራችሁ፣ ከጀርባችሁ አንዱ በስልክ «ኧረ እኛ ማክሰኞ አላልንም!» ሲል ጆሯችሁ ሳትፈልጉ ወደዚያ ይሄዳል፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ምን እንዳለ ስለማይሰማ አእምሯችሁ ሊገምት ይሞክራል፣ የያዛችሁት ቁጥርም ይጠፋል። እንደገና ከላይ መጀመር ነው።

ታዲያ ክፍት ቢሮ ለምን በዛ? በግልጽ እንነጋገር፣ ትልቁ ምክንያት ኪራይ ነው። በዚያው ስፋት ብዙ ሰው ይቀመጣል። ኪራይ በየጊዜው ይከፈላል፣ ይታያል። የባከነው ሰዓት ግን የትኛውም መዝገብ ላይ አይገባም፤ ሠራተኛው ማታ ቤቱ ወስዶ ይጨርሰዋል። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ድርጅቱ የቆጠበውን ሠራተኛው ከራሱ ጊዜ ይከፍላል።

ክፍት ቢሮ የሚስማማው ሥራ አለ። ዜና ክፍል ውስጥ መጠራራትና መጯጯህ የሥራው አካል ነው፣ አዲስ ተቀጣሪም ነባሮቹ ሲነጋገሩ እየሰማ ብዙ ይማራል። ለነሱ ግድግዳ ይሠራ አልልም።

አለቆች የሠራተኛ ምስጢር የምናወራበት ክፍል ያስፈልገናል ይላሉ። እውነት ነው። ግን እንዲህ ያለ ወሬ ቀኑን ሙሉ አይወራም፣ አንድ የጋራ ክፍል ይበቃዋል። የቀሩት በሮች ተመስጦ ለሚሠራ ሰው ይሰጡ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ገብቶ ይዝጋ። ለዚህ በጀት ከሌለ ቢያንስ አንዲት ጠባብ ክፍል ለስልክ ብቻ ትለይ፤ ስልክ የተደወለለት ሁሉ፣ ኃላፊውም ጭምር፣ ተነስቶ እዚያ ገብቶ ያውራ።