ውዳሴ ካውያ

በአሜሪካ የሞዴል አውሮፕላን ክበቦች ውስጥ ሥር የሰደደ፣ ነገር ግን ተገቢውን ምስጋና ያላገኘ አንድ ልማድ አለ። ከባልሳ እንጨት ክንፍና ጅራት ሲገጣጥም ወራት የፈጀ ሰው፣ የመጨረሻው ሙጫ ሳይደርቅ ካውያውን ሶኬት ላይ ይሰካና እንጨቱን በሙቀት የሚለጠፍ ፊልም ማልበስ ይጀምራል። አጠገቡ የቆመ ሰው በክንፉ ላይ የቀረውን ጉብታ አይቶ «ይህስ?» ቢለው መልሱ አጭርና የተሟላ ነው፦ «ፊልሙ ይሸፍነዋል»። ለዚህ ታላቅ እምነት የዘገየውን ውዳሴ ዛሬ ማቅረብ ግዴታችን ነው። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለታቸው አይካድም፤ ይሁን እንጂ ይህን የተናገሩት የኤሌክትሪክ ካውያ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ ይቅርታ ሊደረግላቸው ይገባል።

ቀድሞ ይህ ነፃነት አልነበረም። ሞዴል ሠሪዎች እንጨቱን በሐር ጨርቅ ወይም በስስ ወረቀት ያለብሱና ዶፕ የሚባለውን ሽታው የሚከብድ ፈሳሽ ደጋግመው እየቀቡ፣ በየድርቡ መካከልም በብርጭቆ ወረቀት እያሹ ብዙ ምሽት ያሳልፉ ነበር። ዶፑ ሲደራረብ የእንጨቱን ቀዳዳ ይሞላል፤ ትንሽ ጭረትም ካለ ቀስ በቀስ ይደፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሞኖኮት ለገበያ ሲቀርብ ግን ቀለሙም ማጣበቂያውም በአንድ ስስ የፖሊስተር ፊልም ላይ ተዘጋጅቶ መጣ። የዚህ ዓይነቱ ፊልም እንደየአምራቹ ከ100 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ ይጣበቃል፤ ሙቀቱ ከዚያ ከፍ ሲል ይኮማተርና ይወጠራል። አንድ ሙሉ ክንፍ በአንድ ምሽት ማልበስ ተቻለ። ፊልሙ ግን ምንም ዓይነት ጎድጓዳ አይሞላም፤ ስስና አንጸባራቂ በመሆኑም ከሥሩ ያለውን ሁሉ፣ የባሰውን ደግሞ አጉልቶ፣ ለተመልካች ያቀርባል። ይህችን ነጥብ የቀደመው ትውልድ ከዶፑ ጋር አብሮ ይዟት ስለሄደ፣ ለአሁኑ ሠሪ የቀሩለት ምሽቱና ካውያው ብቻ ናቸው፤ ብልህም በመሆኑ ሁለቱን ወዲያው አገናኛቸው።

እውነቱን ለመናገር ባልሳ ራሱ ለዚህ ልማድ የተፈጠረ ይመስላል። በአብዛኛው ከኢኳዶር የሚመጣው ይህ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ሲደርቅ አንድ ሜትር ኩቡ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል፤ ጥፍር እንኳ ሳይቀር ምልክቱን ይተውበታል። እ.ኤ.አ. በ1947 ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል ዘጠኝ የባልሳ ግንዶች አስሮ ከፔሩ የተነሣበት ኮን-ቲኪ የተባለው ታንኳ ፓሲፊክ ውቅያኖስን በ101 ቀን ሲያቋርጥ፣ ግንዶቹን ማንም በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አላሻቸውም፤ ደርሷልም። በእርግጥ ኮን-ቲኪ አልበረረም። ነገር አጥባቂዎች በበኩላቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋውን ሞስኪቶ ይጠቅሱብናል፦ የእንግሊዙ ኩባንያ ዲ ሃቪላንድ ባልሳን በበርች ኮምፔንሳቶ መካከል አጣብቆ የሠራው ይህ አውሮፕላን፣ ገጹ ለስልሶ፣ ጨርቅ ለብሶና ተቀብቶ ነበር ከፋብሪካ የሚወጣው፤ ለፍጥነቱም ያ ልስላሴ የራሱ ድርሻ ነበረው። መልሳችን ቀላል ነው። እንግሊዞች ያን ጊዜ ጦርነት ላይ ስለነበሩ ትርፍ ጊዜ ተርፏቸው መሆን አለበት፤ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ጋራዡ ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ ከየት ያመጣል?

በየክበቡ አንድ አስቸጋሪ ሽማግሌ አይጠፋም። ክንፉን ከማልበሱ በፊት የጠረጴዛ መብራቱን ወደ ጎን ዝቅ አድርጎ ያበራና ብርሃኑ በእንጨቱ ገጽ ላይ ተንሸራትቶ እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ከላይ ሲያዩት ለጥ ያለ የሚመስለው ገጽ ያን ጊዜ ጥላ ማውጣት ይጀምራል። ቀጥሎ ዓይኑን ይጨፍንና መዳፉን ከፊተኛው ጠርዝ ወደ ኋላ ቀስ አድርጎ ያሳልፋል። ሁለት ሰሌዳዎች የተጋጠሙበት መስመር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፤ መልሶ ይዳስሳል። ያገኘው ሱፐር ግሉ ነው። ይህ ሙጫ ሲደርቅ ከባልሳው ይልቅ እጅግ ስለሚጠነክር፣ ወረቀቱን በጣቱ ይዞ የሚያሽ ሰው ለስላሳውን እንጨት በግራና በቀኝ እየበላ ሙጫውን እንደነበረ ይተወዋል፤ በታሸ ቁጥርም ጉብታው ይበልጥ ይወጣል። ሽማግሌው ለዚህ ያገኘው መድኃኒት ወረቀቱን ረጅምና ቀጥ ባለ እንጨት ላይ ለጥፎ መግፋት ነው፤ በ150 ቁጥር ይጀምርና በ220፣ ከዚያም በ320 አልፎ በ400 ይጨርሳል። የእኛ ጀግና ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። አላሸውም፤ ስለዚህም አላባሰውም። መስመሩ በቀዩ ፊልም ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ ሲታይም፣ የክንፉ ንድፍ አካል መሆኑን ለጠያቂ ለማስረዳት ቃላት አያጥሩትም።

ከሁሉ በላይ አድናቆት የሚገባው ግን ለብናኝ ያለው ርኅራኄ ነው። የተቆረጠና የታሸ ባልሳ ደቃቅ ብናኝ በየቀዳዳው ይይዛል። ጠንቃቆቹ መጀመሪያ በአቧራ መምጠጫ፣ ቀጥሎም አቧራ በሚይዝ ጨርቅ ክንፉን፣ ጠረጴዛውንና የለበሱትን ሸሚዝ ሳይቀር ያጸዳሉ፤ ምክንያታቸውም ማጣበቂያው ብናኝ ካገኘ የሚይዘው ብናኙን እንጂ እንጨቱን አይደለም የሚል ነው። የፊልሙ የጀርባ ፕላስቲክ ሲላጥ በሚፈጠረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ የተነሣ በአካባቢው ያለው ብናኝ ሁሉ ዘልሎ እንደሚለጠፍበትም ይናገራሉ። የእኛ ጀግና ግን እንጨት ሲቆርጥበት የዋለውን ጠረጴዛ በክንዱ አንድ ጊዜ ጠረግ ያደርግና ክንፉን «እፍ» ብሎ ሥራውን ይጀምራል። የተባረረው ብናኝም ወደ ላይ ይነሣል፤ ጥቂት ይቆያል፤ ፊልሙ ሲላጥ በሰዓቱ ተመልሶ ይገኛል። በነጭ ፊልም ሥር የሚታየው ነጠብጣብ የእርሱ ነው። ማጣበቂያው ባልያዘበት ቦታ ደግሞ ከሥር የታፈነው አየር በካውያው ሙቀት ይሰፋና ፊልሙን ይነፋዋል፤ ጠንቃቃው በመርፌ ጫፍ ወግቶ አየሩን ካስወጣ በኋላ መልሶ ይጫነዋል፣ የእኛው ግን ካውያውን ከፍ ያደርጋል፣ አረፋውም አብሮት ከፍ ይላል። (ሽማግሌው በሚያሽበት ጊዜ አፍንጫና አፉን በጭንብል እንደሚሸፍንም ሰምተናል፤ ብናኙን እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ይንቀዋል።)

ስለ ስርጉድ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። አንድ የውኃ ጠብታ አኑረው ካውያ ቢያስጠጉበት የተጨፈለቀው የእንጨት ክር ውኃውን ጠጥቶ ያብጥና ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ለጥልቁ ደግሞ ቀላል ስቱኮ ይበቃዋል። ሁለቱም የደቂቃዎች ሥራ ናቸው፤ ደቂቃ ደግሞ ውድ ነው።

«ስቱኮ ክብደት ይጨምራል» የሚለው ክርክር በተለይ ሊጠና ይገባዋል። ስቱኮው አብዛኛው ታሽቶ እንደሚወርድ፣ ማሸትም እንጨት እንደሚቀንስ የሚያነሣ ሰው ነገሩን በጠባቡ ያየ ነው። ጀግናችን ክብደትን የሚፈራው ከሥር ሲሆን ብቻ ነው። ከላይ ሲሆን፣ በካሬ ሜትር 60 ግራም ገደማ የሚመዝነውን ፊልም ጉድለት በታየበት ሁሉ ይደርብበታል፤ ሁለተኛው ድርብ አረፋ ሲያወጣ ሦስተኛውን ያክልበታል፤ ይህ ሁሉ ጅራቱ አካባቢ ሲጠራቀም አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ስለሚያጋድል አፍንጫው ውስጥ የእርሳስ ብረት ያስቀምጣል። ከዚያም በኩራት «በስቱኮ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ከመሬት አይነሣም ነበር» ይላል።

በሞተሩ ዙሪያ ነገሩ ወደ ፍልስፍና ያድጋል። በሜታኖልና በዘይት ቅልቅል የሚሠራው ትንሽ ሞተር ያልተቃጠለውን ዘይት በጭስ ማውጫው ወደ ኋላ ይተፋል፤ ኤፖክሲ በሚባል የቀጠነ ሙጫ ያልተቀባ ባልሳ ያን ዘይት ይጠጣል፤ ዘይት በጠጣ እንጨት ላይ ደግሞ ፊልም አይይዝም። ጠንቃቃው ስለዚህ ከማልበሱ በፊት የሞተሩን ክፍል ይቀባና እስኪደርቅ ይጠብቃል። የእኛው ይህን ከራሱ ላይ ያወርድና ለፊልሙ አደራ ይሰጣል። ጠርዙ ተላቅቆ አውሮፕላኑ አየር ላይ እያለ መርገብገብ ሲጀምር ደግሞ የአምራቹን ጥራት መውረድ በምሬት ይናገራል፤ ድሮ ፊልም ፊልም ነበር። የማጠፊያዎቹን ስንጥቅ ሳይቀድ ያለበሰውን ኤለሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለውን ተንቀሳቃሽ ክፍል) በስለት እየጠቀጠቀ ቦታውን ሲፈልግ ያየውም ሰው ስለ እምነት ብዙ ይማራል።

ያም ሆኖ የልማዱ ሙሉ ክብር የሚገለጠው በበረራ ሜዳ ላይ ነው። በጋራዡ አምፖል ሥር አምሮ ያደረው ክንፍ እሑድ ማለዳ ሣሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ከጎን ስለምታበራ የሽማግሌውን መብራት ሥራ ያለ ክፍያ ትሠራለች። የእያንዳንዱ ሰሌዳ መጋጠሚያ፣ የእያንዳንዱ ጥፍር ምልክት በየተራ ብቅ ይላል። በዚህ ጊዜ ተራ ሰው ያፍር ነበር፤ የእኛ ጀግና ግን የመሣሪያ ሣጥኑን ከፍቶ ስቲከር ያወጣል፣ ልማዱም ከዚህ በኋላ ኪነ ጥበብ ይሆናል። ለእያንዳንዱ የሙጫ መስመር አንድ ጥቁር ሸንተረር ይዘረጋለታል፤ ለእያንዳንዱ አረፋ አንድ ኮከብ ይለጠፍለታል። በስኬል ውድድር ዳኞች ሞዴሉን ከእውነተኛው አውሮፕላን ፎቶግራፍና ሥዕል ጋር እያመሳከሩ ስለሚመረምሩ እንዲህ ያለውን የፈጠራ ሥራ በቀላሉ አይረዱትም፤ ስለዚህ ጀግናችን አይወዳደርም፣ ምክንያቱንም ሲጠየቅ የመርሕ ጉዳይ ነው ይላል። አውሮፕላኑ በግራ ክንፉ አሥራ አንድ፣ በቀኙ አራት፣ በጅራቱ ደግሞ እርስ በርስ የተነባበሩ ኮከቦች ይዞ ለመነሣት ሲዘጋጅ፣ በአጥሩ ዳር ከአባቱ ጋር የቆመ አንድ ልጅ «ይህ የየትኛው አገር አየር ኃይል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ባለቤቱ አይደነግጥም። መቆጣጠሪያውን አንገቱ ላይ ያስተካክላል፤ ኮከቦቹን አንድ ጊዜ ቃኘት ያደርጋል። «የአሜሪካ ነው» ይለዋል፤ «ሃምሳ አልሞሉም እንጂ»።